እስቲ አዙረው

የእኛን ትውልድ ያስተማረው መጽሐፍ ሳይሆን ስላይድ ነው ብል ብዙዎቻችሁ የምትቃወሙኝ አይመስለኝም። ኢንጂነሪንግ በተማርኩባቸው አምስት ዓመታት መምህሩ ይገባል፣ ፕሮጀክተሩን ይሰካል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን እያነበበ ይሄዳል። ሥዕል ላይ ሲደርስ "ይኼ እንግዲህ ሥዕሉ ነው" ይልና ያልፋል። ሥዕሉ ከየት አቅጣጫ እንደተሣለ፣ ከኋላው ምን እንዳለ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ሥዕል ጀርባ የለውም።

ለድልድይ ወይም ለመኪና ይህ ብዙም አይጎዳም። ድልድይ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ፎቶው ያላሳያችሁን ጎን በልምድ ትሞሉታላችሁ። ሞለኪውልን ግን ማናችንም በእጃችን ይዘን አገላብጠን አናውቅም። የታየን አንድ ሥዕል ብቻ ከሆነ፣ ለእኛ ሞለኪውሉ ያ ሥዕል ነው። ሥዕሉን የመረጠው ሰው ያየውን እናያለን፤ እሱ ያልጠየቀውን እኛም አንጠይቅም።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ የአባዬ ኢንሱሊን ነው።

ኬሚስት አይደለሁም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አብዛኛውን ቀን የምውለው አንድ የክፍያ ገጽ ለምን እንደማይሠራ ሳጣራ ነው። አባዬ ደግሞ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ስኳር ካለበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ መርፌ ከጀመረ አራት። ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው ፍሪዘር ውስጥ ነበር። እናቴም እኔም እህቴም ስንት ጊዜ ነገርነው። እሱ ግን መልስ አለው። "ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ አላሉኝም? ከፍሪዘር የበለጠ ቀዝቃዛ የት አለ? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ በሁለት ሰዓት ይሞቃል። በረዶ የሆነ ነገር ግን ይቆያል። ሥጋስ ቢሆን በረዶ ሲሆን አይደል የሚቆየው?"

እውነቱን ለመናገር የሞኝ ሐሳብ አይደለም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ያስኬዳል። ችግሩ ኢንሱሊን ሥጋ አለመሆኑ ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም እንኳ መጣል አለበት። አባዬ ጠዋት ሲለካ ስኳሩ ከ250 አልወርድ ሲል መጠኑ ተጨመረለት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ተጨመረለት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ግማሽ ኃይሉ በሞተ መድኃኒት የተለካ መጠን፣ አንድ ቀን ደህና ብልቃጥ ቢገጥመው ስኳሩን ድንገት አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ በወር አንዴ የስኳር ሕሙማንን ሰብስበው ያስተምራሉ፤ አባዬም ከሕሙማኑ አንዱ ነው። "አንተ ኮምፒውተር አዋቂ ነህ አይደል፣ ስላይዴን አሳምርልኝ" ብላ ላከችልኝ። አየሁት። አታቀዝቅዙ፣ አታሙቁ፣ አትነቅንቁ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ተወጉ። ሁሉም ትክክል ነው። ሁሉም አባዬ መቶ ጊዜ የሰማው ነው። እንግዲህ የሰማውን በትልቅ ፊደል ብጽፈው ምን ይጠቅማል? "ትእዛዙን ተዪውና ራሱን ኢንሱሊኑን እናሳያቸው" አልኳት። "እንዴት አድርገህ?" አለች።

እንዴት የሚለው ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባል የዓለም መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር 7 ቅርጾች ብቻ ነበሩት፤ ዛሬ ከ200,000 በላይ ሆነዋል፤ ማንም ሰው በነፃ ያወርዳቸዋል። አንዱን ፋይል በማስታወሻ መጻፊያ ብትከፍቱት ተራ ጽሑፍ ነው። በየመስመሩ የአንድ አቶም ስም፣ ከዚያ ቦታውን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች። እኔ የለመድኩት ዓይነት ነገር፣ ሰንጠረዥ ነው በቃ። ነገር ግን ከዚያ ሰንጠረዥ ጀርባ ስንት ዓመት እንዳለ ሳነብ ዝም አልኩ። ዶረቲ ሆጅኪን የተባለችው እንግሊዛዊት ሳይንቲስት የኢንሱሊን ክሪስታልን በኤክስሬይ ማንሳት የጀመረችው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ቅርጹን ከባልደረቦቿ ጋር የፈታችው በ1969 ነው። በመሀል በሌሎች ሞለኪውሎች ሥራዋ የ1964ን የኖቤል ሽልማት ወስዳለች፤ ኢንሱሊን ግን ገና አልተፈታም ነበር። ከ30 ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ በእኔ ላፕቶፕ ላይ በሁለት ሰከንድ ወረደ።

የትኛውን ፋይል እንደምጠቀም መምረጥ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። በብዛት የሚታወቀው የኢንሱሊን ፋይል 4አይኤንኤስ የሚባለው ነው፤ እሱ የአሳማ ኢንሱሊን ነው። የአሳማውና የሰው ኢንሱሊን የሚለያዩት ከ51 አሚኖ አሲዶች በአንዱ ብቻ ስለሆነ ለዓይን ልዩነት የለውም። ቢሆንም እነዚያ አግዳሚዎች ላይ የሚቀመጡትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። "የማን ነው ይኼ?" ብለው ቢጠይቁኝ በእውነት መመለስ ፈለግኩ። ስለዚህ 1ኤምኤስኦ የተባለውን የሰው ኢንሱሊን ወሰድኩ።

ስላይዱን ፓወርፖይንት ላይ አልሠራሁትም። የ2019ኙ ፓወርፖይንት ባለሦስት ገጽታ ሞዴል ይቀበላል፤ ግን የሚያውቀው ቅርጹን እንጂ ኬሚስትሪውን አይደለም። "ዚንኩን ብቻ አሳየኝ" ብትሉት ዚንክ የቱ እንደሆነ አያውቅም። እኔ የፈለግኩት ሰው ሲጠይቅ እዚያው መልስ የሚሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ ስላይዶቹን ራሳቸውን እንደ ድረ ገጽ፣ ሪቪል ጄኤስ በሚባለው መሣሪያ ሠራሁ፤ በውስጣቸው 3ዲሞል የተባለውን ነፃ የሞለኪውል ማሳያ አስገባሁ። እሱ አቶም ከአቶም ይለያል፤ ደብቅ ሲሉት ይደብቃል፣ ቀለም ቀይር ሲሉት ይቀይራል።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ኢንተርኔት አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አውርዱት። ብራውዘር ደግሞ ከዲስክ ላይ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌላ ፋይል እንዳያነብ ይከለክላል፤ ስለዚህ የሞለኪውሉን ጽሑፍ ገጹ ውስጥ ለጥፉት። በንክኪ ስክሪን ላይ ሞለኪውሉን ለማዞር ጣታችሁን ስታንሸራትቱ ስላይዱ ይቀየርባችኋል፤ ማንሸራተቱን አጥፉና በቁልፍ ብቻ እለፉ። ከጀርባ ጥቁር አድርጉ፤ ሰልፈር በልማድ ቢጫ ነው፣ ደካማ ፕሮጀክተር ላይ ቢጫ በነጭ አይታይም። ውኃን በተመለከተ ደግሞ፣ በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ውኃ የሚታየው እንደ ቀይ ነጠብጣብ ነው፤ ኦክስጅን ቀይ ስለሚቀባ። ስለ ደም ሲያስብ የመጣ ሕመምተኛ ቀይ ነጠብጣብ ሲያይ ምን እንደሚል መገመት ይቻላል። ሰማያዊ አደረግኩት።

ቀኑ ሲደርስ ከ30 የማያንሱ ሰዎች መጡ። ነጭ ግድግዳ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የመጣ ወጣት። አባዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። የአክስቴ ልጅ ሰላምታ ሰጥታ "ዛሬ በየቀኑ የምትወጉትን ነገር ታዩታላችሁ" አለችና ለእኔ ለቀቀችልኝ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ስድስት ኢንሱሊኖች ተቃቅፈው ክብ ሠርተው ነው። ተራው ኢንሱሊን ብልቃጥ ውስጥ ሲቀመጥ በዋናነት እንደዚህ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተጻፉት ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ እነዚያኑ ሁለቱን 120 ዲግሪ፣ ከዚያ 240 ዲግሪ በማዞር ይገኛሉ። ስድስቱን በስድስት ቀለም ቀባኋቸው። "አደይ አበባ ይመስላል" አለች አንዲት ሴት። መሀሉ ላይ አንድ ኳስ አለ።

"መሀል ያለው ምንድን ነው?" አለ ወጣቱ።

"ዚንክ ይባላል። ስድስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው።"

"አንድ ብቻ?"

ከመመለሴ በፊት አባዬ ከሦስተኛው ረድፍ "እስቲ አዙረው" አለ።

መካኒክ ሰው ዕቃን ሳያገላብጥ አያምንም። ማውዙን ይዤ አበባውን በጎኑ አጋደምኩት። አንድ የነበረው ኳስ ተከፈለ፤ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ሁለቱ ዚንኮች የተሰለፉት በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ከፊት ለፊት ሲታዩ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ቤቱ አጉረመረመ። "ሁለት ናቸው!" አሉ እናቶቹ። አባዬ እጁን ፈታ። "ባታዞረው አንድ ነው ብለን ልንሄድ ነበር" አለ፤ ከዚያ ወደ ፊት አዘንብሎ "ብሎን ናቸዋ እነዚህ" አለ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስላይድ የማቀርበው እኔ አልነበርኩም። ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል፣ እኔ አዞራለሁ።

አባዬ ራሱ "ስድስቱ እንዲህ ታስረው እንዴት ነው ሥራ የሚሠሩት?" አለ። አይሠሩም። ይህ የመቀመጫ ቅርጻቸው ነው። ከቆዳ ሥር ሲገቡ ቀስ በቀስ ይፈታሉ፤ ስድስቱ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፣ ከዚያ አንድ አንድ፤ ሥራ የሚሠራው ብቻውን የሆነው ነው። አምስቱን ደብቄ አንዱን አስቀረሁ። "ስለዚህ ነው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚባለው፤ እስኪፈታ ነው" አለች የአክስቴ ልጅ። ያንን ትእዛዝ ለዓመታት ስትናገረው ኖራለች። አንዲት እናት ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ "እኔ እኮ እንጀራው ቀርቦ ነው የምወጋው" ስትል ሰማኋት።

ወጣቱ የእሱ መድኃኒት ምግብ ሊበላ ሲል የሚወጋ እንደሆነ ተናገረ። ፈጣኑ ዓይነት ነው። ከፈጣኖቹ አንዱ ሊስፕሮ የሚባለው ነው፤ በ1990ዎቹ ሳይንቲስቶች በአንደኛው ሰንሰለት ጫፍ አካባቢ ያሉ ሁለት ጎረቤት አሚኖ አሲዶችን ቦታ አቀያየሩ፣ በቃ። ሁለቱን በነጭ ቀብቼ አጉልቼ አሳየሁት። ቦታቸው ሁለት ኢንሱሊኖች የሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ነው። መያያዣው ሲላላ ቶሎ ይፈታሉ።

ያሰብኩትም ጥያቄ መጣ። አንዲት ሽማግሌ እናት ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይኼ ነገር ከአሳማ ነው ይሉን ነበር፤ እውነት ነው?" አሉኝ። "እማማ፣ ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር፤ እውነት ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የሰው ዓይነቱን በባክቴሪያና በእርሾ ያመርታሉ። ይኼ ግድግዳው ላይ ያለውም የሰው ነው" አልኳቸው። "ተመስገን" አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ወደ ፍሪዘሩ የደረስነው በመጨረሻ ነው። ከአንዱ ኢንሱሊን ሁሉንም ደብቄ ሦስት ቢጫ መስመሮች ብቻ አስቀረሁ፤ ሰልፈር ከሰልፈር የተያያዘባቸው ቦታዎች ናቸው። "ጠንካራ መያያዣው ይኼ ነው፤ ሦስት ቦታ።"

"ሦስት ቦታ ተበይዷል በለኛ" አለ አባዬ። "ሌላውስ?"

"ሌላው ተደጋግፎ የቆመ ነው። ብየዳ የለውም።" ሁሉንም መለስኩት፤ ከዚያ ውኃውን አበራሁት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ዙሪያውን ከበበው። ኢንሱሊን የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ የሚቆየው በዚህ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን ሌላውን ነገር ወደ ጎን እየገፋ ለብቻው ይጠጥራል፤ ፕሮቲኑ በቀረችው ጠባብ ቦታ ይጨናነቃል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በረዶው ቢቀልጥም የተጣበቀው አይለያይም።

ነጠላ የለበሱት እናት ሳቅ አሉ። "ፍሪዘር የገባ ሽሮ በሉታ! ሲቀልጥ ውኃው ለብቻ፣ ሽሮው ለብቻ።"

ሁሉም ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ግድግዳውን እያየ ቆየ።

እዚህ ላይ ስለ ሞዴሉ አንድ እውነት መናገር አለብኝ፤ ያን ቀንም ተናግሬዋለሁ። ኢንሱሊን በረዶ ሲሆን የሚያሳይ ነገር ፋይሉ ውስጥ የለም። ያሳየሁት ደህነኛውን ነው። ቀለሞቹም የእኛ ናቸው፤ አቶም ቀይም ሰማያዊም አይደለም። ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ የሚለው ልማድ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1865 ሆፍማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ንግግር ሲያደርግ ክሮኬት የሚባለውን ጨዋታ ኳሶች ቀለም ቀብቶ በዘንግ አያይዞ አቀረበ። ፓወርፖይንት ከመኖሩ በፊት የተደረገ ፕሬዘንቴሽን በሉት። ኳሶቹ በእጅ የሚያዙ ነበሩ፤ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሆነው ነው የተያያዙት። የካርቦን አራት እጆች ወደ አራት አቅጣጫ በሕዋ ውስጥ እንደሚዘረጉ ቫንት ሆፍ የጻፈው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1874 ነው። ስለዚህ መዞሩ ብቻውን ሞዴልን እውነተኛ አያደርገውም። የሚዞር ሞዴል የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ተናጋሪው ካቆመበት ጎን ሌላ ጎን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። አባዬ ለዓመታት ሲነገረው የኖረውን ትእዛዝ አዙሮ ማየት አይችልም ነበር። ትእዛዝም እንደ ሥዕል ጀርባ የለውም።

በታክሲ ስንመለስ ስለ ኢንሱሊን አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ትራፊኩ አወራ። ቤት ስንደርስ ግን ፍሪዘሩን ከፍቶ ብልቃጦቹን አወጣ፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ እስኪቀልጡ ጠበቀ፣ ከዚያ አንድ በአንድ በብርሃን ፊት እያገላበጠ አየ። የእሱ ኢንሱሊን ደመና የሚመስለው ድብልቅ ዓይነት ነው፤ ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል እንደ ወተት እኩል መሆን አለበት። ሦስቱ ላይ ነጭ ነገር ብርጭቆው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። "ና እይ" አለኝ። ብዙ አልተነጋገርንም። በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ሄዶ ስለ ፍሪዘሩ ራሱ ተናገረ፤ አዲስ ብልቃጥ ተሰጠው፣ መጠኑም ዝቅ ብሎ እንደ አዲስ እየተለካ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እናቴ ሌሊት እየተነሳች ትለካው ነበር።

አሁን ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጁ መሀል መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚባለው ቦታ። የተከፈተው አራት ሳምንት ያህል ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ውጭ መቆየት ስለሚችል፣ አባዬ አፉ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ አዘጋጅቶለታል። መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም።

የአክስቴ ልጅ ለሚቀጥለው ወር ሌላ ጠየቀችኝ። ሕሙማኑ ያነሱት ጥያቄ አለ፦ "ኪኒኑን ስንውጠው ይሠራል፤ ኢንሱሊንን ለምን አንውጠውም?" አሁን እየሠራሁ ያለሁት ስላይድ ሁለቱን በአንድ ልክ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። በግራ ሜትፎርሚን፣ ሲቆጠር 20 አቶም። በቀኝ አንድ ኢንሱሊን፣ 788 አቶም። ትንሿን ሆድ እንዳለች ያሳልፋታል፤ ትልቁን እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ቆራርጦ ይፈጨዋል። ትናንት ማታ ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ፣ ማውዙንም ከእጄ ወሰደው።